የካሊፎርኒያን የባሕር ዳር መንገድ ሁለት ሆኖ በመኝታ ቫን እንዴት መጓዝ ይቻላል

ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን የካሊፎርኒያን የባሕር ዳር መንገድ የሚያውቁት በመኪና መስኮት ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፣ ድልድይ አጠገብ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ እሑድ ማታ ደክሟቸው ይመለሳሉ። እኔና ባለቤቴም ለዓመታት እንዲሁ አደረግን። መንገዱ የገባን አልጋና ማድቤት ያለው ቫን ተከራይተን ስድስት ቀን ከሰጠነው በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው እናንተም ሁለት ሆናችሁ እንድትሄዱት ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፦ ዳርቻውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ውረዱት፤ ባሕሩ አጠገብ ከደረሳችሁ በኋላም በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ።

ጊዜውን መምረጥ

ካሊፎርኒያ ሲባል ሁልጊዜ ፀሐይ ይመስለናል። በግንቦትና በሰኔ ግን ዳርቻው ብዙውን ጊዜ በጉም ተሸፍኖ ያረፍዳል፤ ቀዝቃዛው ውቅያኖስ በላዩ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ዝቅ ያለ ደመና እየተሠራ ወደ የብስ ይገባል። አንዳንድ ቀን እስከ ማታም አይገለጥ። ዝናቡ የሚወርደው ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው፤ ገደሉም በብዛት የሚናደው ያን ጊዜ ነው። ሰማዩ የሚጠራው፣ አየሩ የሚሞቀው፣ የተጓዡም ብዛት የሚቀንሰው በመስከረምና በጥቅምት ነው። እንቁጣጣሽን ከዘመድ ጋር ውላችሁ በማግስቱ ብትነሱ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላውቅም።

ማደሪያውን አስቀድሞ መያዝ

በባሕሩ ዳር ያሉት የመንግሥት ፓርኮች ለቫን ማቆሚያ የሚሆን ቦታ፣ ጠረጴዛ፣ መጸዳጃ ቤትና የእሳት ማንደጃ ቀለበት አላቸው። ቦታው የሚያዘው ሪዘርቭ ካሊፎርኒያ በሚባለው ድረ ገጽ ሲሆን፣ ለምዝገባ የሚከፈተው ከስድስት ወር በፊት ነው። ስለዚህ ለመስከረም ጉዞ የምትመዘገቡት በመጋቢት ነው። ባሕሩ ላይ የሚያዩት ቦታዎች ቶሎ ያልቃሉ፤ ቀኑን አስታውሳችሁ ጠዋት ተቀመጡበት። ካልሆነላችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትን ሌሊቶች ሞክሩ፤ የተመዘገቡ ሰዎች ሲሰርዙም ቦታ ይገኛልና ደጋግማችሁ ተመልከቱ።

«የትም ዳር ቆመን እናድራለን» የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። ቢግ ሰር በሚባለው ገደላማው የዳርቻው ክፍል ከመንገዱ ዳር መኪና አቁሞ ማደር ክልክል ነው፤ ሌሊት መጥተው ይቀሰቅሳሉ፣ ቅጣቱም ከማደሪያው ኪራይ እጅግ ይበልጣል።

ቫኑን መረከብ

ርዝመቱ ከ6 ሜትር የማይበልጥ ቫን በቂ ነው። ተራ የመኪና ማቆሚያ ላይ ይቆማል፣ ጠመዝማዛውም አያስቸግረውም። ትልቁ የመኖሪያ መኪና ምቾቱ ሲያማልል ጥሩ ጥሩው መመልከቻ ሁሉ ለእሱ ጠባብ ይሆናል።

ስትረከቡ አንድ ሰዓት ይፍጅባችሁ እንጂ ሁሉን አስከፍታችሁ እዩ፦ ቡታጋዙን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሞተሩ ጠፍቶ መብራት የሚሰጠውን ሁለተኛ ባትሪ፣ የንጹሑንና የቆሻሻውን ውሃ ጋኖች። እኛ በመጀመሪያው ጉዟችን የውሃውን ፓምፕ ሳንሞክር ወጣን። አለመሥራቱን ያወቅነው ሰኞ ማታ በጨለማ፣ እጃችን ሊጥ እንደሆነ ነው። በቀን የተፈቀደላችሁን ማይልም ጠይቁ፤ ተርፎ የሚነዳው ለየብቻ ይከፈልበታልና። ልብሳችሁን ደረቅ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በሚጣጠፍ ቦርሳ ያዙ፤ ቫን ውስጥ ባዶ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ጋቢ አትርሱ። ቀኑ የቱንም ያህል ቢሞቅ ማታ የባሕሩ ንፋስ አጥንት ይገባል፤ ከእሳቱ አጠገብ ለሁለት የሚለበስ አንድ ጋቢ ከማንኛውም ጃኬት ይበልጣል።

ስንቅ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የመንገድ ምግብ ጥበብ እኛ ዘንድ ከጥንት አለ። ነጋዴውና ዘማቹ በበቅሎ ጭኖ ይሄድበት የነበረው ስንቅ ለቫን የተሠራ ይመስላል፦ አይበላሽም፣ ቦታ አይዝም፣ ብዙ ውሃና እሳት አይፈልግም።

ሽሮ ዋናው ነው። አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ ሃያ ደቂቃ። ሽንኩርቱን ቤት ውስጥ በዘይትና በበርበሬ አቁላልታችሁ በብልቃጥ ብትይዙት ደግሞ ከዚያም ያጥራል፤ የሽንኩርቱም ሽታ አልጋችሁ ላይ አያድርም። ትኩስ እንጀራ በሙቀት ከሦስት ቀን በኋላ ስለሚሻግት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ያዙ፤ ለቀሩት ድርቆሽ። ድርቆሹን በቋንጣ ወጥ ፈርፍራችሁ ከውቅያኖሱ ፊት ለፊት መብላት ምን እንደሚመስል ቀምሳችሁ ፍረዱ። ለጠዋት በሶ በውሃ በጥብጡ ወይም በማር ጭብጦ አድርጉት። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ይቀመጥ።

ቡናውን በተመለከተ ጀበና ይዛችሁ ሂዱ፤ ነገር ግን ከሰሉ ከቫኑ ውጪ ይሁን። ቫን ጠባብና ድፍን ነው፤ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰውን ሳያነቃ ይገድላል። መስኮት ከፍቶ፣ «ትንሽ ፍም ለእጣን ብቻ» ብሎ ማስገባትም አይሆንም። ጠረጴዛው ላይ በቡታጋዝ ቁሉ፣ ነፋሱን በሆነ ነገር ከልሉ። ስኒ ከሁለት በላይ ያዙ፤ የቡናው ሽታ ጎረቤት ከሰፈሩት ሰዎች መካከል አንድ ሁለቱን ማምጣቱ አይቀርም።

በ101 ወጥቶ በ1 መውረድ

ቫኑን ወደ ተከራያችሁበት መመለስ ስላለባችሁ መንገዱ ክብ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከሎስ አንጀለስ በፈጣኑ መንገድ፣ በ101፣ እስከ ሞንተሬይ ውጡ። 515 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እየተቀያየራችሁ ብትነዱ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ፊታችሁን አዙራችሁ በመንገድ ቁጥር 1 ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ።

አቅጣጫው ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል? አሜሪካ ውስጥ በቀኝ ስለሚነዳ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ባሕሩ ከጎናችሁ ነው። መካከል ላይ የሚያቋርጥ ሌላ መስመር የለም፤ መመልከቻዎቹም አብዛኞቹ በቀኝ ስለሆኑ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሳታቋርጡ ገባ ወጣ ትላላችሁ። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው ካለ ግን አስቡበት፤ በቀኝ ወንበር የሚቀመጠው ከገደሉ ጠርዝ አጠገብ ነው። እኛ ዘንድ የሚፈራው እኔ ነኝና በዚያ ክፍል መሪውን እኔ እይዛለሁ፤ ዓይኔ መንገዱ ላይ ሲሆን ፍርሃቱ ይቀላል።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን የግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው ኩዊክማፕ በተባለ ካርታ ላይ እዩ። ይህ የምር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መድ ክሪክ በተባለው ቦታ ተራራው ተንዶ መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶት ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በተለያዩ ቦታዎች ተደጋግሞ ተንዷል። ተዘግቶ ካገኛችሁት ከሰሜን እስከሚቻለው ድረስ ገብታችሁ ተመለሱ፣ በ101 ዙሩና ከደቡብ በኩል እንደገና ግቡ።

ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን

ይህ 145 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ክፍል የጉዞው ልብ ነው። በከፊል በእስረኞች ጉልበት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1937 ተከፈተ፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል፣ ከገደሉ ሥር ውቅያኖስ። ነዳጁን ሞንተሬይ ወይም ካርሜል ላይ ሙሉ፤ ውስጥ ያለው ጥቂትና ውድ ነው። ስልክ በአብዛኛው አይሠራም፤ ካርታውን፣ የማደሪያውን ማረጋገጫና የምትሰሙትን መዝሙር ወይም ዘፈን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሬን ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ከኋላችሁ አምስትና ከዚያ በላይ መኪና ከተሰለፈ ምቹ ቦታ ስታገኙ ወጥታችሁ ማሳለፍ በካሊፎርኒያ ሕግ ግዴታ ነው። ለእናንተም ይጠቅማል፤ የቆማችሁበት ሁሉ አንድ የሚታይ ነገር አለውና። የሚነዳው ሰው እየነዳ አይመልከት። ደስ ያለው ነገር ሲያይ «እንቁም» ማለት የሁለታችሁም መብት ይሁን፤ «አሁን ቆመን አልነበር?» የሚል መልስ በዚህ መንገድ ላይ አያስፈልግም።

የቢክስቢ ድልድይን ከሰሜን ጫፉ፣ በቀኝ ካለው መቆሚያ ታዩታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1932 ያለቀ፣ ከ200 ሜትር የሚረዝም ባለ ቅስት የኮንክሪት ድልድይ ነው። እኩለ ቀን ላይ መኪና ስለሚጨናነቅበት ማለዳ ድረሱ። ሌሊቱን ወይ ፋይፈር ቢግ ሰር ፓርክ፣ ሬድዉድ ከሚባሉት ረጃጅም ዛፎች ሥር፣ ወይም ወደ ደቡብ ርቆ ባለው በከርክ ክሪክ እደሩ። ከርክ ክሪክ የፌዴራል ደን ስለሆነ የሚያዘው በሌላ ድረ ገጽ፣ በሪክሪኤሽን ዶት ገቭ ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በሁለቱ መካከል ማክዌይ ፏፏቴ አለ፤ 24 ሜትር ያህል ወርዶ አሸዋው ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1983 ድረስ በቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ በዚያ ዓመት አጠገቡ የተናደው አፈር ነው ዳርቻውን የሠራው። ወደ አሸዋው መውረድ ክልክል ነው፣ ከላይ ይታያል። በሌሎቹ የቢግ ሰር ዳርቻዎች ስትወርዱ ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ፤ ጸጥ ካለው መካከል በድንገት ትልቅ ማዕበል ይመጣል።

ሳን ሲሚዮን ልትደርሱ ጥቂት ሲቀር ፒድራስ ብላንካስ ላይ ቁሙ። ኤለፋንት ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት አሸዋው ላይ ተዘርረው ታገኛላችሁ፤ ትልቁ ወንድ ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለዘይታቸው ሲባል ታድነው ሊጠፉ ደርሰው ነበር፤ እዚህ ዳርቻ መውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ወጣቶቹ ናቸው የሚኖሩት። መመልከቻው ነጻ ነው፣ ከአጥሩ ግን አትለፉ።

ሞቃቱ ክፍል

ከሞሮ ቤይ በኋላ መንገዱ ይለሰልሳል። ሞሮ ቤይ ላይ ከውሃው ከ170 ሜትር በላይ የቆመውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እያያችሁ ቁርስ ብሉ፣ ፒስሞ ላይ እግራችሁን አፍታቱ፣ ከዚያ ጋቪዮታን አልፋችሁ ስትወርዱ ባሕሩ እንደገና በቀኛችሁ ይከፈታል። ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል። ፖይንት ኮንሴፕሽን ላይ ዳርቻው ወደ ምሥራቅ ስለሚታጠፍ ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ ያልፈዋል፣ ፀሐይዋም ከፊት ለፊት ታገኘዋለች። የሚዋኘው እዚህ ነው፤ ቢግ ሰር ላይ እግር እንኳ ይደነዝዛል። ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙና ከጅረቱ ስትወጡ ተመለሱ።

አንድ ሌሊት በዘንባባ የተከበበው ሬፉጂዮ፣ የመጨረሻውን ካርፒንቴሪያ አድርጉ። ካርፒንቴሪያ በስፓንኛ የአናጢ ቤት ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1769 የደረሱት ስፔናውያን ቹማሽ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ታንኳ ሲሠሩ አይተው ያወጡት ስም ነው። ቹማሾቹ የታንኳውን ሳንቃ የሚደፍኑት ከዚያው ዳርቻ በራሱ በሚፈልቀው ሬንጅ ነበር። ሬንጁ ዛሬም አለ፤ በባዶ እግራችሁ ስትሄዱ ውስጥ እግራችሁ ላይ ይጣበቃል። ሳሙና አያስለቅቀውም። የወጥ ዘይት በጨርቅ ነክራችሁ አሹት፤ ወደ አልጋው ከመውጣታችሁ በፊት።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የቆሻሻውን ውሃ ለዚሁ በተዘጋጀ ማፍሰሻ ብቻ ድፉ፣ ማቀዝቀዣውን አራግፉ፣ ነዳጅ ሙሉ። ሎስ አንጀለስ ከዚያ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከቀትር በፊት ትገባላችሁ። እኛ ቫኑን ከመመለሳችን በፊት ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በሚጠራው የፌርፋክስ ጎዳና አቆምን፤ ሁለታችንም ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ ትኩስ እንጀራ ነበር የምናወራው።