ለሲቲ ስካን ውኃ አትከልክሉ፦ ኮንትራስት ሲሰጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው «ምንም ሳትቀምሱ ኑ» ብሎ መላክ ነው። ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ማዶ የሚመጣ ታካሚ ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳል፤ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ወረፋ ጠብቆ ማሽኑ ላይ የሚተኛው ቀን 8 ሰዓት ነው። ከማታው እራት ወዲህ ውኃ በአፉ አልዞረም። ኩላሊት ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉን ቢወስድም ሲሳዩ የሚበዛው ለውጪኛው ክፍል ነው። የውስጠኛው፣ የሜዱላው፣ የኦክስጅን ግፊት በደህና ቀን እንኳ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ኮንትራስቱ ሲገባ የኩላሊት ደም ሥሮች ለአፍታ ይሰፉና ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠባሉ፤ ሜዱላውን የሚያጠጡት ቀጫጭኖቹም አብረው። ውኃ የጠማው ኩላሊት ደግሞ ያጣራውን ውኃ መልሶ ስለሚመጥ፣ ኮንትራስቱ በቱቦዎቹ ውስጥ እንደ ማር ይወፍራል፤ ያበጠው ቱቦ አጠገቡ ያለውን ደም ሥር ይጫናል። ማደንዘዣ ከሌለ ለምን ይጠማል? ፈሳሽ የተመጠነለት የልብ ሕመምተኛ ብቻ ልኩን ይጠብቅ።

ክሪያቲኒን ኩላሊት የሚያስወግደው፣ በደም የሚለካ ቆሻሻ ነው፤ «ክሪያቲኒኑ 1.2 ነው፣ ደህና ነው» አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር የ25 ዓመት ወጣት ወንድ በዚህ ቁጥር ማጣሪያው (ኩላሊቱ በደቂቃ የሚያጣራው በሚሊ ሊትር) 86 ገደማ ነው፤ የ70 ዓመት እናት ግን 49 ላይ ናቸው። ዕድሜና ጾታ አስገብታችሁ አስሉ።

«መድኃኒት ትወስዳለህ?» ቢባል «የለም» ይላል፤ የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፈናክን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥራል! «ለወገብ፣ ለጉልበት የሚወስዱት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተጠበበውን ደም ሥር ከፍቶ የሚያቆየውን ፕሮስታግላንዲን የሚያግደው እሱ ነው።

ማጣሪያው ከ30 በታች ከሆነ ኖርማል ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) ይሰጥ፤ በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ ማለትም ለ60 ኪሎ ሰው 60 ሚሊ ሊትር፣ ከምርመራው በፊትም በኋላም ለሰዓታት። 5 በመቶ ዴክስትሮስ (የስኳር ውኃ) ደም ሥር ውስጥ ስለማይቆይ አይተካውም። ሽንት የሚያበዛው ፉሮሰማይድ ለመከላከያ አይሰጥ። የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም በዚህ ደረጃ ላይ ይቁም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ክሪያቲኒን ታይቶ ይቀጥላል።

በማግስቱ ጠዋት ለክትትል ደም መቅዳት ብዙ አይነግርም። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ይለካ፤ ሩቅ ለሚኖር ሰው ወረቀቱን ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ ጽፋችሁ ስጡት።

ሌላው ጽንፍም አለ፦ ውስጡ ይደማል ተብሎ የተጠረጠረን የመኪና አደጋ ተጎጂ «ክሪያቲኒን ይምጣ» ብሎ ማስጠበቅ። በክንድ የሚሰጥ ኮንትራስት ማጣሪያው ከ45 በላይ በሆነ ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ድሮ ከሚፈራው እጅግ ያነሰ ነው፤ ደም መፍሰሱ ግን አይጠብቅም።