ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቋል? እንዳትልጡት!

ባሕር ዳር ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምውለው። ክረምት ሲገባ የግድግዳ ፎቶ ይጎርፍልኛል። ጣሪያ ያፈሳል፣ ፎቶ ይረጥባል፣ ውጭ ያሉ ልጆች ደግሞ «ሳይበላሽ በቴሌግራም ላኩልን» ይላሉ። ስካነር መክፈትና መስታወቱን መወልወል ታውቃላችሁ። እሱን ዘልዬ ስካን ስታደርጉ ወደሚያጋጥሟችሁ ችግሮች ልግባ።

ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር። ቆሻሻ ነው። ብዙ ጊዜ በስካነሩ መስታወት ጫፍ፣ ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ራሱን በሚያስተካክልበት ቦታ ላይ ያለች ቅንጣት ናት። እስከ ጥጉ ወልውሉ። ፈሳሹን ጨርቁ ላይ አድርጉ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጩ።

ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ክብ። አንጸባራቂ ፎቶ መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ የሚመጣ ነው። ክዳኑን አትጫኑት።

ፎቶው ሁሉ ቀልቷል። በደርግ ዘመን የታጠቡ ብዙ የቀለም ፎቶዎች እንዲህ ናቸው። ከሦስቱ ቀለሞች ሰማያዊ አረንጓዴው ቀድሞ ስለሚለቅ ቀዩ ገንኖ ይቀራል። በ48 ቢት (ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዘው ምርጫ) ስካን አድርጉና ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ አስተካክሉ። «አውቶ» የሚለውን ከነካችሁ የሰው ፊት አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጥቁርና ነጩ ላይ ቢጫ እድፍ። በቀለም ስካን አድርጉ፣ ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ ቀዩን ቻናል (የቀዩን ቀለም ምስል) ብቻ አስቀሩ። ቢጫው እዚያ ውስጥ አይታይም ማለት ይቻላል።

ፎቶው ላይ ዳንቴል የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ። ወረቀቱ ሸካራ ነው፤ የስካነሩ መብራት ደግሞ ከአንድ ጎን ይመታዋል። ሁለቴ ስካን አድርጉ፤ ሁለተኛውን ፎቶውን አዙራችሁ፣ ራሱ ወደ እግሩ ሆኖ። ከዚያ አቃንታችሁ አንዱን በሌላው ላይ ደርቡ፣ የላይኛውንም ግማሽ በግማሽ አሳልፎ የሚያሳይ አድርጉት።

ጉርድ ፎቶዋ ስትተልቅ ደበዘዘች። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የምትሰጠው 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው። በ1200 አድርጉት፣ 1417 በ1890 ይሆናል። ለ10 በ15 ግን 600 ይበቃል። ከዚያ በላይ የምታተልቁት የወረቀቱን ቃጫ ነው።

ላሚኔት የተደረገ ፎቶ። በሙቀት የተጣበቀ ፕላስቲክ አይላቀቅም። ከነጭረቱ ስካን አድርጉት፣ ሌላ መፍትሄ የለውም። የአያታችሁን ብቸኛ ፎቶ «ላሚኔት ላርግላችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፎቶውን ተቀብላችሁ ሩጡ።

አሁን ወደ ዋናው።

ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። ከአሥር የግድግዳ ፎቶ ስንቱ እንዲህ እንደሚመጣ መቁጠር ትቻለሁ። የፎቶው ፊት ላይ ጄላቲን የሚባል ሙጫ መሰል ሽፋን አለ። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲደርቅ የነካውን ይዞ ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ጣና ዳር እርጥበት መቼ ይጠፋል? በዚያ ላይ ፍሬም ሠሪው ፎቶውን ቀጥታ ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ከኋላ በካርቶን ይቸነክረዋል። አየር መግቢያ የለም። ሁለት ሦስት ክረምት ያልፋል፣ አለቀ።

መፍትሄው አለመንካት ነው። በምላጭ አይሆንም። በፎን አይሆንም፤ አንዱ ጎረምሳ በፀጉር ማድረቂያ ሲያሞቀው መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ ፎቶው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቀለለ። ውሃ ውስጥ መንከርም አይሆንም፤ ይኼኛው የራሴ ጥፋት ስለሆነ ልናገረው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ፎቶ ነከርኩ። በጨለማ ክፍል የታጠበ እውነተኛ ፎቶ መስሎኝ ነበር። ለካ ስቱዲዮ በቀለም ማተሚያ አባዝቶት ኖሯል። የሙሽራዋ ፊት ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ወረደ። ለባለቤቱ የነገርኩበትን ቀን አልረሳም።

እንዲህ አድርጉ። እንጨቱን ፍቱና መስታወቱንና ፎቶውን እንደተጣበቁ አውጡ። የመስታወቱን ውጭ ብቻ ወልውሉ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል ስካን አድርጉ። ግን ስካነራችሁን እወቁ። ስስና ቀላል የሆኑት፣ ከፕሪንተር ጋር አብረው የሚመጡትም፣ አብዛኞቹ ሲአይኤስ የሚባል ዓይነት ዓይን ያላቸው ናቸው። ጥርት አድርገው የሚያዩት መስታወታቸውን የነካውን ብቻ ነው። የፍሬሙ መስታወት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ሲያደርገው ይደበዝዝባቸዋል። ሲሲዲ የሚባለው ሌላው ዓይነት ዓይን ያለው፣ እንደ ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ያለው፣ ከፍታውን ይችለዋል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ባዶ መስታወት ስካነሩ ላይ አድርጉ፣ በላዩ ጋዜጣ ደፍታችሁ ስካን አድርጉ። ፊደሉ ከደበዘዘ ሲአይኤስ ነው።

ሲሲዲ ከሌለ በስልክ አንሱት። ፍላሽ የለም። በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ። ከፎቶው ራቅ ብላችሁ ዙሙን ሁለት እጥፍ አድርጉ። ስልኩን ጥቁር ጨርቅ አልብሱትና ለካሜራው ብቻ ቀዳዳ ተዉለት። ጨርቁን አትናቁት። አንድ ደንበኛዬ ቀይ ማልያውን ለብሶ ሲያነሳ መስታወቱ መልሶ አሳየው። አያቱ ካባ ላይ የአርሴናል ማልያ የደረቡ መስለው ወጡ።

ቀድሞ የተላጠም ቢሆን አትጣሉት። አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ መጡ። ፎቶውን በነጠላ፣ ነጠላውን በፌስታል ጠቅልለውታል። የሟች ባለቤታቸው ነው፣ ሌላ ፎቶ የላቸውም። ልጃቸው ፎቶውን በምላጭ ሲልጠው የአባቱ ግንባርና አንድ ዓይን መስታወቱ ላይ ቀርቷል፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ። «ልጄ፣ ይኼ አንድ ይሆናል?» አሉኝ። መስታወቱን ከጀርባው ነጭ ወረቀት አድርጌ በ600 ስካን አደረግሁት። ወረቀቱንም ለብቻው በዚያው በ600። ልኩ አንድ ስለሆነ ኮምፒዩተር ላይ ገጠሙ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቅንድቡ ላይ ያለችው ስፌት አሁንም ትታየኛለች። እሳቸው አላየሁም አሉኝ።

የፎቶውን ጀርባም ስካን አድርጉ። «ለማስታወሻ» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ቀን አለው። ግን በእጅ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ካሜራው ጥግ ላይ ያተመው በፈረንጅ። 1996 የሚል ቁጥር አይታችሁ «ዘጠና ስድስት» ብላችሁ ብትለጥፉ፣ በእኛ ገና 1988 ወይም 1989 ነው፤ አክስቶች ኮሜንት ላይ ይጨርሷችኋል።

ላኩልኝ ያለው ልጅ «ደብዝዟል» ብሎ ደወለ። የዘጌዋ እናት ልጅም ደውሎ ነበር። ስካኑ ምንም አልሆነም። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩ ያኮማትረዋል፤ እንደ ፋይል ላኩ። ፋይሉን ስንልክለት ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «የአባዬ ጠባሳ እዚህ ጋ ነበር እንዴ?» አለ።

እናቱ መልሰው ሊሰቅሉት ያንኑ ዓይነት ፍሬም ገዝተው መጡ። ዙሪያውን የካርቶን ክፈፍ ቆርጬ መስታወቱና ፎቶው እንዳይነካኩ አደረግሁ። ከፍሬሙ ጀርባም፣ ግድግዳውን እንዳይነካ፣ ሁለት የቡሽ ቁራጭ ለጥፌ ሰጠኋቸው።