ስለ ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድና ህመም ስናነብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ቴሌግራም ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ዜና አለ። «ሱስ የማያስይዝ አዲስ የህመም ማስታገሻ ከካናቢስ ተሠራ» ይላል። ስኳር እግሩን የሚያቃጥለው፣ ወገቡ አላስተኛ ያለው፣ ካንሰር የያዘው ዘመድ ያለው ሁሉ ያስተላልፈዋል። አይፈረድበትም። ዜናውም ብዙ ጊዜ ፈጠራ አይደለም፤ የሆነ ላብራቶሪ ውስጥ የሆነ ሞለኪውል በእርግጥ ተሠርቷል። ስህተቱ የሚጀምረው እኛ ስናነበው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

«ሰው ሠራሽ ቢሆንም ያው ሃሺሽ ነው» ማለት

አይደለም። ካናቢኖይድ የምንለው ሲቢ1 እና ሲቢ2 በተባሉ የሰውነታችን ተቀባዮች (ሴሎች መልእክት የሚቀበሉባቸው በሮች) ላይ የሚሠራ ውህድ ነው። ሲቢ1 አንጎልና ነርቭ ላይ ሞልቷል። ሲቢ2 የሚበዛው በሽታ ተከላካይ ሴሎች ላይ ነው። የካናቢስ ተክል ውስጥ ያለው አስካሪ ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ ሲቢ1ን እንደ በር ገርበብ ያደርገዋል። ከላብራቶሪ የወጡት ብዙዎቹ ግን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። ኢየሩሳሌም ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በራፋኤል መሹላም ቡድን የተሠራው ኤችዩ-210 በእንስሳት ሙከራ ከቲኤችሲ ከ100 እጥፍ በላይ ኃይለኛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ካናቢስ የሚያደርገውን አይቶ ስለ እነዚህ መገመት አይሆንም።

የላብራቶሪውን ውህድ ከመንገዱ ዕፅ ጋር ማምታታት

ይሄኛው ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ነገሩ የመጣው ከህመም ማስታገሻ ፍለጋ ነው። ፋይዘር ከሞርፊን ቤተሰብ ውጭ የሆነ ማስታገሻ ሲፈልግ ሲፒ-55,940 የተባለ ውህድ ሠራ። መድኃኒት አልሆነም። ግን በ1988 ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሊን ሃውሌትና ዊሊያም ዴቬን ይህንኑ ውህድ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ሰጥተውት፣ አይጥ አንጎል ውስጥ የካናቢኖይድ ተቀባይ መኖሩን አረጋገጡበት። ስተርሊንግ ዊንትሮፕ የተባለው ኩባንያም እንደ አስፕሪን ያለ ማስታገሻ ሲፈልግ ፕራቫዶሊን ላይ ደረሰ። ህመም የሚያስታግሰው ግን ባልጠበቁት መንገድ፣ በዚሁ ተቀባይ በኩል ሆኖ ተገኘ።

ሳውዝ ካሮላይና፣ ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት ጆን ሃፍማን በመንግሥት የምርምር ገንዘብ ከ400 በላይ ውህዶችን ሠራ። ስማቸው የሚጀምረው በራሱ የስም ፊደላት ነው፦ ጄደብሊውኤች። ሃፍማን መድኃኒት የመሸጥ ሐሳብ አልነበረውም። የፈለገው የሞለኪውሉ ቅርጽ ሲለወጥ ተቀባዩ እንዴት እንደሚመልስ ማወቅ ነበር። ውጤቱንም እንደ ማንኛውም ተመራማሪ አሳተመ።

በ2008 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ «ስፓይስ» እየተባለ የሚሸጥ የታሸገ ቅጠል ተመረመረ። ጄደብሊውኤች-018 ተገኘበት። የላብራቶሪ መሣሪያ የነበረው ነገር ቅጠል ላይ ተረጭቶ ሱቅ ገብቷል። አሜሪካ በመጋቢት 2011 ውህዱን ስታግድ አምራቾቹ ሞለኪውሉን ነካ ነካ አድርገው ቀጠሉ። አሜሪካ ያላችሁ ኬቱ፣ እስራኤል ያላችሁ ናይስ ጋይ በሚል ስም ሰምታችሁት ይሆናል። የእሽጉ ስም ሳይለወጥ የውስጡ ኬሚካል ይቀያየራል። በ2018 ኢሊኖይ ውስጥ ብሮዲፋኩም የተባለ የአይጥ መርዝ ተቀላቅሎበት ሰዎች እየደሙ ሆስፒታል ገብተዋል። የሞቱም አሉ።

እና «ለህመም ተብሎ የተሠራ ነው» ብሎ እሽጉን መግዛት ራስን ለማይታወቅ ኬሚካል መስጠት ነው። በሌላ በኩል «ይሄማ የመንገድ መርዝ ነው» ብሎ ምርምሩን በጅምላ መጣልም ልክ አይደለም። ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

የአይጧን ህመም እንደ ራስ ህመም ማንበብ

«ህመሙን አስታገሰ» የሚል ካያችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፦ የማንን? አይጥ አመመኝ አትልም። ተመራማሪው የሚለካው ጅራቷ ላይ ሙቀት ሲያርፍ እስክታሸሽ ስንት ሰኮንድ እንደወሰደባት፣ ወይም ትኩስ ሰሌዳ ላይ ስትቆም መዳፏን እስክትልስ ያለውን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገር የሚወሳሰበው። ኃይለኛ ካናቢኖይድ አይጥ ላይ አራት ነገር አንድ ላይ ያመጣል። እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል፣ የሰውነት ሙቀቷ ይወርዳል፣ ባስቀመጧት ቦታ ደርቃ ትቀራለች፣ ለህመምም ዘግይታ ትመልሳለች። ታዲያ ጅራቷን ቶሎ ያላሸሸችው ስላላመማት ነው ወይስ መንቀሳቀስ ስላቃታት? ጥሩ ጥናት ይህን ይለያል። የሚያስታግሰው መጠንና የሚያደነዝዘው መጠን ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል። ተቀባዩን የሚዘጋ ሌላ ውህድ ጨምሮም ውጤቱ ይጠፋ እንደሆነ ያያል። ስለዚህ ነገር ምንም የማይል ዜና ከሆነ እኔ በበኩሌ አላስተላልፈውም።

«የሰውነታችን የራሱ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ማለት

ሰውነታችን የራሱ ካናቢኖይድ አለው። አናንዳማይድ ይባላል፤ በ1992 ነው የታወቀው። ኤፍኤኤኤች የተባለ ኢንዛይም ቶሎ ይሰባብረዋል። ተመራማሪዎች «ከውጭ ከምንጨምር ኢንዛይሙን እናግደውና የራሱ ይብዛ» ብለው አሰቡ። ብልህ ሐሳብ ነው። እነዚህ ማገጃዎች ራሳቸው ካናቢኖይድ አይደሉም፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

ፋይዘር ፒኤፍ-04457845 የተባለውን ማገጃ የጉልበት አንጓ ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከረው። ውጤቱ በ2012 ወጣ። አናንዳማይድ በእርግጥ ጨመረ። ጉዳትም አላሳየም። ህመሙ ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱት ሰዎች አልተለየም።

ከዚያ ሬን መጣች፤ የፈረንሳይ ከተማ ናት። የፖርቱጋሉ ቢያል ኩባንያ ቢአይኤ 10-2474 የተባለ ሌላ ማገጃ ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ያስሞክር ነበር። በጥር 2016 በቀን 50 ሚሊግራም ለቀናት ከወሰዱት ስድስት ሰዎች አንዱ አንጎሉ ተጎድቶ ሞተ። ሌሎችም ሆስፒታል ገቡ። በዚያው ኢንዛይም ላይ የሚሠሩ ሌሎች ማገጃዎች ከዚያ በፊት ችግር አላመጡም ነበር። በ2017 የወጣ ጥናት ቢአይኤ 10-2474 ከታለመለት ኢንዛይም ሌላ ስብን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችንም እንደሚነካ አሳየ። የአንዱ ውህድ ደህንነት ለወንድሙ ዋስትና አይሆንም ማለት ነው።

«አንጎል ካልገባ ጉዳዩ አለቀ» ማለት

ማስከሩ የሚመጣው ከአንጎል ከሆነ፣ አንጎል የማይገባ ውህድ ብንሠራስ? አስትራዜኔካ ኤዜድዲ1940ን በዚህ ሐሳብ ሠርቶ የመንጋጋ ጥርስ በተነቀለላቸው ሰዎች ላይ ሞከረው። ህመሙን አልቀነሰም። ጭራሽ ቀለል ያለ የስካር ስሜት ታየ።

ቢሆንም ሐሳቡ አልሞተም። በመጋቢት 2025 ስታንፎርድና ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሳተፉበት ቡድን ቪአይፒ36 የተባለ ውህድ ይፋ አደረገ። መነሻው ኤምዲኤምቢ-ፉቢናካ ነው፤ እንደ ስፓይስ በመንገድ ዕፅነት የታወቀ መርዝ። (ኋላ ላይ እንመለስበታለን ያልኩት ይህን ነው።) አንጎል እንዳይገባ ፖዘቲቭ ቻርጅ ጨመሩበት። ሰውነት ለምዶት ኃይሉን ቶሎ እንዳያጣም በኮምፒውተር ተመርተው አልፎ አልፎ ብቻ የሚከፈት የተቀባዩ ጓዳ ውስጥ እንዲገባ አደረጉት። በሦስት ዓይነት የአይጥ ህመም ላይ ሠራ። የሚያስታግሰውና አንጎልን የሚነካው መጠን በ100 እጥፍ ተራራቁ። የምር የሚያስደስት ኬሚስትሪ ነው። ይህ ሁሉ የታየው ግን በአይጥ ላይ ነው።

«ፈቃድ ያለው አለ አይደል?» ማለት

አለ። ናቢሎን በ1985 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ ያውም ሰው ሠራሽ ነው። የተፈቀደው ግን ለካንሰር ኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽና ትውከት እንጂ ለህመም አይደለም። ዓለም አቀፉ የህመም ጥናት ማኅበርም በ2021 ካናቢኖይድን ለህመም በአጠቃላይ ለመደገፍ ማስረጃው አይበቃም ብሏል። የካንሰር ህመም ያለበት ዘመድ ያላችሁ ሐኪሙን ስለ ሞርፊን ብትጠይቁት ይሻላል።

ወስዶ መደበቅ

የተለመደው የሽንት ምርመራ የሚፈልገው ቲኤችሲን ነው፤ አብዛኞቹን ሰው ሠራሾች አያይም። አንድ ሰው ስፓይስ ወስዶ ራሱን ቢስት ምርመራው «ነፃ» ሊል ይችላል። አብሮት ያለ ሰው ምን እንደወሰደ ለሐኪሙ ይንገር። እሽጉ ካለም ይዞ ይምጣ።