ሹፌሩ «ሒሳብ አልፈልግም» ሲልዎት አይመኑት፦ በፋርሲ የሚሠሩ ስህተቶች

የኢራኑን ቋንቋ ፋርሲን ለሚለምድ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ የማይሆኑ ነገሮች አሉ። «እንብላ»ን፣ ይሉኝታንና አንቱታን ማንም ሊያስረዳው አያሻም፤ ግሡም እንደ አማርኛው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የሚሰናከለውም ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው፤ «ይሄማ የኛው ነው» ብሎ ልኩን ሳያይ ሲገባበት።

ተዓሮፍን እንደ ቃሉ መውሰድ

ተዓሮፍ የኢራናውያን የመግደርደርና የመከባበር ሥርዓት ነው። ቴህራን ውስጥ ከታክሲ ሲወርዱ ሒሳብ ቢጠይቁ ሹፌሩ «ቃቤል ናዳሬ» ሊልዎት ይችላል። ቃሉ ሲፈታ «ለእርስዎ የሚመጥን አይደለም» ማለት ነው፤ ሥራው ግን አክብሮት ማሳየት ብቻ ነው። አመስግነው ቢወርዱ ሰውየው የቀን ገቢውን አጥቶ፣ ይሉኝታም አፉን ይዞት ይቀራል። መልሱ «ኻሄሽ ሚኮናም፣ ቼቃድር ሚሼ?» ነው፤ «እባክዎ፣ ስንት ይሆናል?» እንደማለት። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ዋጋው ይወጣል።

ዋጋው ከወጣ በኋላም ሌላ ጉድጓድ አለ። ብሩ ላይ የተጻፈው ሪያል ነው፤ ሰው የሚያወራው ግን በቶማን ነው፤ 1 ቶማን 10 ሪያል። «ሺህ»ንም ብዙ ጊዜ ይውጡታል። ሹፌሩ «መቶ» ካለ መቶ ሺህ ቶማን፣ ማለትም 1,000,000 ሪያል ማለቱ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሻይ ሲቀርብልዎት በመጀመሪያው መቀበል ችኩል ያስመስላል፤ ሦስቴ እምቢ ብሎ መቅረትም ያስቀይማል። «ሦስት ጊዜ ተግደርድሮ መቀበል» የሚባለውም ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ግብዣ እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በዝርዝሩ ነው። ማታ ደጃፍ ላይ «ግቡ እንጂ» ማለት የስንብት ወግ ሊሆን ይችላል፤ «ዓርብ ለምሳ፣ ቆርሜ ሰብዚ እንሠራለን» ካሉዎት ግን ተጠርተዋል። የሰው ሰዓት ወይም ሻርፕ ሲያደንቁም ባለቤቱ «ፒሽኬሽ»፣ ይውሰዱት፣ ይላል። እጅዎን እንዳይዘረጉ! «ሞባረኬ ሳሄበሽ»፣ ለባለቤቱ ይባረክለት፣ ብለው ይለፉት።

አክብሮትን ለራስ መስጠት

«ቶ» ለአንተም ለአንቺም ነው፤ «ሾማ» እንደ እርስዎ። ይህ አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት ግሦቹ ናቸው። ተራው «መናገር» ጎፍታን ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ግን ፋርሙዳን ይባላል፣ ራስዎ ሲናገሩ ደግሞ አርዝ ካርዳን። እሳቸው ሲመጡ «ታሽሪፍ» ያመጣሉ፣ ክብር እንደማለት፤ እርስዎ ሲሄዱ «ኼድማት» ይደርሳሉ፣ ለአገልግሎት እንደማለት። ለማጅ ሰው የሰማውን ቃል እንዳለ ይደግምና «እኔ ፋርሙዳም» ይላል፤ በአማርኛ አንድ ሰው ስለራሱ «እኔ ተናገሩ» እንደማለት ነው፣ ያስቃል።

ጾታ ፍለጋም ሌላው ነው። ፋርሲ «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም፤ «ኡ» ለሁለቱም ነው፣ ግሡም አይለወጥም። «ኡ አማድ» መጣም መጣችም ነው። ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ስሙ እስኪጠራ መታገሥ አለበት፤ ገምቶ መጀመር አንዱን ሰው መሀል ላይ ወንድ፣ መጨረሻ ላይ ሴት ያደርገዋል።

እንደ መጽሐፍ ማውራት

ሲጻፍ «ሚኻሃም ቤራቫም» (መሄድ እፈልጋለሁ) የሚሆነው ሲነገር «ሚኻም ቤራም» ነው። ናን፣ ዳቦ፣ «ኑን» ይባላል፤ ቴህራን «ቴህሩን»። ይህን ብቻ አይተው ሁሉን «ኡን» አያድርጉ፤ ኢራን ኢራን እንደሆነች ትቀራለች። ሻይ ቤት ገብቶ በመጽሐፉ ቋንቋ የሚያዝዝ ሰው ዜና የሚያነብ ይመስላል።

የፍቅር ቃልን ለማንም መበተን

«ቆርባኔት ቤራም» መሥዋዕት ልሁንልህ ነው፤ «ኻኬ ፓታም» የእግርህ አፈር ነኝ። «አፈር ስሆን» ለሚል ሰው ይህ ትርጉም አያሻውም። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው። ከስም ኋላ የሚገባው «ጃን»፣ ነፍሴ እንደማለት፣ ለብዙ ሰው ይሆናል፤ «ጂጋር»፣ ጉበቴ፣ ግን ለማያውቋት ሴት ከተባለ ለከፋ ነው።

አረብኛ ይዞ መግባት

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አረብኛ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ፊደሉን አይተው ይዘናጋሉ። ፋርሲ የሴም ቋንቋ አይደለም፤ በዝምድና ከአማርኛ ይልቅ ለሂንዲና ለእንግሊዝኛ ይቀርባል። ከ28ቱ የአረብኛ ፊደላት ላይ የፐ፣ የቸ፣ የዠና የገ ተጨምረው 32 ሆነዋል። ዘ ብቻ አራት ፊደል አላት፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይነበባሉ፣ እኛ ሀን፣ ሐንና ኀን እንደምናደርገው። የተወረሱት ቃላትም ትርጉም ቀይረዋል። «ኢንቂላብ» በአረብኛ መፈንቅለ መንግሥት ነው፣ በፋርሲ አብዮት። «ከሲፍ» በአረብኛ ጥቅጥቅ ያለ፣ በፋርሲ ቆሻሻ። «ጃሚዓ» ለአረቡ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ «ጃሜኤ» ለኢራናዊው ኅብረተሰብ።

ሦስቱን አገሮች አንድ ማድረግ

ኢራን ፋርሲ፣ አፍጋኒስታን ዳሪ፣ ታጂኪስታን ታጂክ ይሉታል፤ የመጨረሻው በሲሪሊክ ፊደል ይጻፋል። «አመሰግናለሁ» ለማለት ቴህራን ከፈረንሳይኛ የመጣው «መርሲ» ይሆናል፣ ካቡል «ታሻኮር»፣ ዱሻንቤ «ራህማት»። ዩኒቨርሲቲን «ዳኔሽጋህ» ወይስ በሌላው የአገሩ ቋንቋ በፓሽቶ «ፖሃንቱን» የሚለው ግን አፍጋኒስታን ውስጥ የፖለቲካ ጠብ ነው፤ እንግዳ ባይገባበት ይሻለዋል።

በኖሩዝም፣ በመጋቢት በሚገባው አዲስ ዓመት፣ እንዲሁ ነው። ኢራናውያን የሚዘረጉት ሀፍት ሲን በፋርሲ ስማቸው በሲን ፊደል የሚጀምሩ ሰባት ነገሮች ናቸው፦ ሲብ (ፖም)፣ ሲር (ነጭ ሽንኩርት)፣ ሴርኬ (ኮምጣጤ)፣ ሰብዜ (የበቀለ ስንዴ ወይም ምስር)፣ ሰማኑ (ከበቀለ ስንዴ የሚሠራ ጣፋጭ)፣ ሴንጀድ የሚባለው ፍሬና ሶማቅ የሚባለው ጎምዛዛ ቅመም። ስኳር ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ በእነሱ አፍ «ሸካር» ነው። ካቡል ላይ ሀፍት ሲን የሚጠብቅ እንግዳ ደግሞ ሀፍት ሜዋ ይቀርብለታል፤ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ሰባት ዓይነት የደረቀ ፍራፍሬና ለውዝ፣ ከነጭማቂው በጎድጓዳ ሳህን።