በዐረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የኢንተርኔት ሱስን ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከካዛብላንካ እስከ ሙስካት ስለ ወጣቶች የኢንተርኔት ሱስ የሚወጡ ጥናቶች ብዙ ናቸው። አንባቢ በመቶኛው ይደነግጣል፤ መቶኛው እንዴት እንደተገኘ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ምንጩ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኪምበርሊ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበችው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎችም ይሠራበታልና ስህተቶቹን ማወቅ ለእኛም ይበጃል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የነጥብ አሰጣጡን ሳይገልጹ ውጤት ማውጣት ነው። አንዱ ተመራማሪ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ሌላው «አይመለከተኝም» ለሚለው መልስ 0 ይጨምርበታል። ስለዚህ ዝቅተኛው ድምር በአንዱ 20፣ በሌላው 0 ነው። አመዳደቡም ይለያያል፦ በአንደኛው እስከ 49 ያገኘ ሰው መደበኛ ተጠቃሚ ሲሆን፣ በሌላው ከ31 እስከ 49 ያለው «ቀላል ሱስ» ይባላል። 35 ነጥብ ያገኘች የአማን (ዮርዳኖስ) ተማሪ በአንዱ ጥናት ጤነኛ፣ በሌላው ሱሰኛ ሆና ትቆጠራለች። ልጅቷ ያው ናት፤ የተለወጠው መስመሩ ነው። ይህን ሳያጣሩ የዮርዳኖስን ወጣቶች ከሊባኖስ ወጣቶች ጋር ማወዳደር ሰዎችን ያለ ጥፋታቸው ስም መለጠፍ ነው።

ሁለተኛው፣ ጥያቄዎቹን ለማን እንደሚቀርቡ ሳያዩ እንዳሉ መውሰድ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛ ጋር ካለ ቅርበት ይልቅ ኢንተርኔትን ምን ያህል ጊዜ እንደሚመርጡ ይጠይቃል። በሪያድ ላለች ያላገባች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይህ ቢቀርብላት ወይ ትዘለዋለች፣ ወይ «በፍጹም» ብላ ታልፈዋለች፤ ሁለቱም ስለ ኢንተርኔት አጠቃቀሟ የሚነግሩን ነገር የለም። ሰባተኛው ጥያቄ ደግሞ ስለ ኢሜይል ነው። ዋትሳፕን በየደቂቃው የምትከፍት ወጣት ኢሜይል ስለማትጠቀም ብቻ እዚህ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ታገኛለች።

በአንድ አገር የተፈተሸን ቅጂ ለዐረቡ ዓለም ሁሉ ይበቃል ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ተመራማሪው ናዚር ሐዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት የዐረብኛውን ቅጂ የፈተሸው በሊባኖስ ተማሪዎች ላይ ነው። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የጽሑፍ ዐረብኛን እምብዛም የማያነቡ የሞሮኮ ጎልማሶች መጠይቁን በዚያው መልክ ይረዱታል ማለት አይደለም። ጠያቂዎች በየራሳቸው ቃል ወደ አካባቢው ዘዬ እየመለሱ ካነበቡላቸው ደግሞ አንድ መጠይቅ መሆኑ ይቀርና የጠያቂዎቹን ቁጥር ያህል ይሆናል። የዘዬው ቅጂ አስቀድሞ ተጽፎ በጥቂት ሰዎች ላይ ይሞከር። እዚህ ላይ ብዙዎች የክሮንባክ አልፋ የሚባለው የስታቲስቲክስ መለኪያ ከፍተኛ መሆኑን አሳይተው ያልፋሉ። አልፋ የሚያሳየው ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው መያያዛቸውን እንጂ የታሰበውን ነገር መለካታቸውን አይደለም።

ጊዜውንም ማየት ያስፈልጋል። ዐሥራ አራተኛው ጥያቄ በሌሊት የኢንተርኔት አጠቃቀም ምክንያት ስለሚጠፋ እንቅልፍ ነው። በረመዳን ብዙ ቤተሰብ እስከ ሱሁር ስለሚያመሽ፣ በዚያ ወር የተሰበሰበ መልስ የጾሙን ልማድ ከኢንተርኔቱ ጋር ይቀላቅላል። መጠይቁን በማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ በትነው ውጤቱን «የሕዝቡ» ማለትም አይገባም፤ ኢንተርኔት የማያዘወትር ሰው መጠይቁን መቼ አይቶት?

በመጨረሻም ነጥብን እንደ ሕክምና ምርመራ አይውሰዱት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የገባው የቪዲዮ ጨዋታ ሱስ ነው እንጂ አጠቃላይ «የኢንተርኔት ሱስ» አይደለም። ከካርቱም ተፈናቅሎ ካይሮ የገባ ሱዳናዊ የተበታተኑ ዘመዶቹን ሲያፈላልግ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ሊውል ይችላል። ነጥቡ ከፍ ቢል ቀጥሎ የሚመጣው የባለሙያ ቃለ መጠይቅ ነው፤ የመጀመሪያውም ጥያቄ «ስልኩን ለምን ትጠቀምበታለህ?» የሚል ይሁን።