ስብከተ ገናን ከልጆች ጋር በቤት ስናሳልፍ ብንተዋቸው የሚሻሉ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ታኅሣሥ 16 ጠዋት ትንሹ ልጄ ከአልጋው ወርዶ በባዶ እግሩ ወደ ሳሎን ሮጠ። ግድግዳው ላይ በወረቀት ቀለበት የሠራነው ሰንሰለት ተሰቅሎ ነበር። በየማታው አንዷን እየቀደደ ሲቆጥር ሰንብቷል። የመጨረሻዋን ትናንት ማታ ቀድዷታል። ባዶውን ሚስማር አየና ዞሮ «እማዬ፣ ተወለደ?» አለኝ። ምን ልበለው? ገና ሊደርስ 13 ቀን ይቀረው ነበር።

ባሕር ዳር ውስጥ እኛ ካቶሊካውያን ብዙ አይደለንም። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በስብከተ ገና፣ ማለትም ከገና በፊት ባሉት የዝግጅት ሳምንታት፣ ልጆቻችንን ለገና የምናዘጋጅበትን ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት እንለቅማለን። ነገሩ መልካም ነው። ግን ለሌላ አገር፣ ለሌላ የቀን አቆጣጠር፣ ለሌላ ሥርዓተ አምልኮ የተዘጋጀ ነው። እኛ ቤት የሠራናቸውን፣ በወዳጆቼም ቤት ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

በሰው አገር ቀን መቁጠር

ከኢንተርኔት የሚወርደው መቁጠሪያ ከዲሴምበር 1 እስከ 24 ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 ተጀምሮ ታኅሣሥ 15 ያልቃል ማለት ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ባዶ እጁን ይጠብቃል። ለልጅ ደግሞ 13 ቀን ዓመት ነው። ከዚያ የባሰው፣ ደጅ ወጥቶ ሲያይ ማንም ገናን አያከብርም። የተሳሳተው ቤታችን ይሁን ከተማው ግራ ይገባዋል።

ታኅሣሥ 1 ጀምሩ። 28 ቀለበት ይበቃችኋል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚውል 27 ሥሩ። ትልቋ ልጄ በእያንዳንዱ ቀለበት የውስጥ ገጽ ላይ የአንድ ሰው ስም ትጽፋለች። ማታ ቀለበቷ ስትቀደድ ለዚያ ሰው «አቡነ ዘበሰማያት» እና «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» እንደግማለን። አያት አሉ፣ አስተማሪዋ አለች፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው የባጃጅ ሾፌር አለ። አንድ ማታ ትንሹ የሰፈራችንን ውሻ ስም አስጽፎ አገኘሁት። ለውሻውም ጸለይን።

አራት ሻማ ለሦስት እሑድ

በየእሑዱ አንድ አንድ ሻማ የሚለኮስበትን፣ የሻማ አክሊል የሚባለውን ብዙዎቻችን እንወደዋለን። እኔም እወደዋለሁ። ታሪኩን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። ዮሐን ሂንሪክ ቪከርን የተባለ ጀርመናዊ የሉተራን ፓስተር በ1839 እ.ኤ.አ. ሀምቡርግ ውስጥ ለሚያሳድጋቸው ድሆች ልጆች ያዘጋጀው ነገር ነው። ልጆቹ «ገና መቼ ነው?» እያሉ ስለጠየቁት በጋሪ ጎማ ላይ 20 ትንንሽ ቀይ ሻማና 4 ትልልቅ ነጭ ሻማ አቆመላቸው ይባላል። የልጄ ጥያቄ መሆኑ ነው። የላቲን ሥርዓት ካቶሊካውያን በኋላ ተቀበሉት፤ ሦስቱን ሐምራዊ፣ አንዱን ሮዝ አደረጉት። አራት የሆነውም በእነርሱ ሥርዓት ስብከተ ገና አራት እሑድ ስላለው ነው።

የእኛ የግዕዝ ሥርዓት ግን ሦስት እሑድ ነው ያለው። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው እሑድ ይውላል፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ (እረኛ ማለት ነው) ከ21 እስከ 27። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ «ዛሬ ኖላዊ ነው» ሲባል ሰምቶ ቤቱ ሲመጣ «አራተኛውን ሻማ ለኩስ» ከተባለ፣ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ አይገናኙም። እኛ ሦስት ሻማ ዙሪያውን እናቆማለን፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ነጭ። ነጩ የሚለኮሰው በገና ዋዜማ ነው። ሐምራዊ ሻማ ፍለጋ ከተማውን መዞር አያስፈልግም፤ በተራው ሻማ ግርጌ ሐምራዊ ሪባን ማሰር ይበቃል።

በነገራችን ላይ ሻማውን በደረቅ ሣር ወይም በደንገል (ታንኳ በሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል) አክሊል መካከል አትሰኩት። ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ የተንቀለቀለበት ቤት አውቃለሁ። የሸክላ ሳህን ላይ ከሐይቁ ዳር የመጣ አሸዋ ሙሉና እዚያ ውስጥ ትከሉት። ቅጠሉን ከሳህኑ ውጭ አኑሩት።

ጸሎቱን ማርዘም

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሙሉውን የመቁጠሪያ ጸሎት፣ ምንባብ፣ መዝሙር፣ ከዚያ ምልጃ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ጉልበቴ ላይ ተኛ፣ ትልቋ ደግሞ የሻማውን ሰም በጥፍሯ እየፋቀች ነበር። አሁን በየሳምንቱ አንድ ጥቅስ ብቻ እንይዛለን።

በስብከት ሳምንት በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ፊልጶስ ለናትናኤል ያለውን «መጥተህ እይ» እንላለን። አጭር ናት፤ ልጆች ይወዷታል። አንዱ ሌላውን ወደ ጸሎት ሲጠራ «መጥተህ እይ» ይለዋል። በኖላዊ ሳምንት ከመዝሙረ ዳዊት 79 «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» እንላለን፤ የእስራኤል እረኛ ሆይ፣ አድምጥ ማለት ነው። በግዕዝ ነው የምንለው። በሳምንት አንድ የግዕዝ መስመር ልጅ ላይ አይከብድም፤ እሑድ በቅዳሴ ሲሰማት ደግሞ ፊቱ ይበራል።

የብርሃን ሳምንት ለብቻው ነው። መብራት ሲሄድ ባሕር ዳር ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። ያጉረመርማሉ። ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል። በዚያ ሳምንት እኛ ራሳችን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራቱን እናጠፋለን። ቴሌቪዥኑም ስልኩም ይጠፋል። ለአንድ ደቂቃ በጨለማው ዝም ብለን እንቀመጣለን። የውሻ ጩኸት ይሰማል፣ የትንሹ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ባለቤቴ ጧፏን ለኩሶ ለትልቋ ይሰጣታል፣ እሷ ሁለተኛውን ሻማ ታበራለች። ሁላችንም ከመዝሙር 42 «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» እንላለን፤ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ማታ ገና ሳናጠፋው መብራቱ በራሱ ሄደ። ልጆቹ አላጉረመረሙም፤ ሩጠው መጥተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

በእርጥብ ደንገል መሥራት

የጣና ልጆች ሆነን ለገና የፕላስቲክ የቤተልሔም በረት አምሳያ መግዛት ያሳዝነኛል። ደንገል እያለልን! ታንኳ የሚሠራበት ተክል ለጌታ በረት የማይሆንበት ምክንያት የለም። ግን እንደተቆረጠ አትጠቀሙበት።

የመጀመሪያው በረታችን ውብ ነበር። አረንጓዴ ነበር፣ ሽታው እንኳ የሐይቁን ዳር ያስታውሳል። በአራተኛው ቀን ስንመለከት ማሰሪያው ሁሉ ላልቷል፣ ጣሪያው ላሟ ላይ ተኝቷል። ደንገል ውስጡ ነጭና ስፖንጅ የመሰለ ነው፤ ውኃ ይይዛል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያኔ የጠበቀው ክር ይለቃል። ታንኳ የሚሠሩትም ፀሐይ ላይ አስጥተው ነው የሚያደርቁት። ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ገለባ መልክ እስኪዞር ቆዩ። ከዚያ ግንዱን በእጃችሁ አሽከርክሩት፣ ሦስት ጠርዝ አለው። አንዱን ጠርዝ ተከትላችሁ በቢላ ስትሰነጥቁት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ይህን አዋቂ ይሥራው። ልጆቹ የተሰነጠቀውን እየደረደሩ በክር ይሰሩት። ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ስፒል ያለ መዶሻ ይገባል።

ልጆችን ለብቻቸው ደንገል እንዲያመጡ ወደ ዳር አትላኩ። ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ከሥሩ መንቀልም አይገባም፤ በጣና ዳር የነበረው ደንገል በጣም እየቀነሰ ነው። ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች አንድ ትንሽ እስር ግዙ። ልጆቹ አሠራሩን ቆመው ያያሉ፣ ሠሪውም ገንዘብ ያገኛል።

ሕፃኑን አስቀድሞ ማስተኛት

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በ1223 እ.ኤ.አ. ግሬቾ በተባለች የጣሊያን መንደር የቤተልሔምን በረት በሕያው በሬና አህያ ሲያሳይ፣ ሰዎች የጌታን ድህነት በዓይናቸው እንዲያዩ ብሎ ነው። እኛ በረቱን ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሠርተን ሕፃኑንም ያኔውኑ ካስተኛነው የሚጠበቅ ነገር አይኖርም። ግርግሙ ባዶ ይሁን። ሕፃኑን ከጭቃ ሠርታችሁ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። በዋዜማው ማታ የቤቱ ትንሽ ልጅ ያውጣው።

እስከዚያ ልጆች ግርግሙን በጭድ ይሙሉት። አንድ መልካም ሥራ፣ አንድ ሰበዝ ጭድ። ወንድሙን የታገሠ፣ ለሠራተኛዋ ውኃ የቀዳላት፣ ሳይነገረው ያጠና። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልጁ ሲያጠፋ ጭዱን ያነሳበታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጭዱ የጌታ አልጋ ነው፣ ከሕፃን ሥር አልጋ አይጎተትም። አንዴ ከተቀመጠ ተቀምጧል። ጥፋቱን በሌላ መንገድ አርሙት። ማን ስንት እንዳስቀመጠም አትቁጠሩ፤ ከተቆጠረ ነገ ጠብ ነው።

በረዶና ጥድ ብቻ መሳል

ልጄ የቤተልሔምን በረት በበረዶ ሸፍና ሳለችው። በረዶ አይታ አታውቅም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የምናሳያት ሥዕል ሁሉ እንደዚያ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ ሄድን። እዚያ ባለው በኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሴቶችም ስለሚገቡ መላው ቤተሰብ ማየት ይችላል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ስናይ አስጎብኚው ለልጆቹ አንድ ነገር አሳያቸው፤ በእኛ የአሳሳል ልማድ ደጋግ ሰዎች በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፣ ክፉዎቹ ግን ከጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ቤት ስንመለስ ሁለቱም ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። እረኞቹ፣ ዮሴፍ፣ እመቤታችን፣ አህያዋ ሳትቀር ትልልቅ ሁለት ዓይን አላቸው። ሄሮድስ ብቻ አንድ። ሥዕሉ እስካሁን በረቱ ጀርባ ይቆማል።

እጃቸውን ነጥቆ መሥራት

በጉ ሦስት እግር ካለው ሦስት እግር ይኑረው። እነሱ ከተኙ በኋላ አታስተካክሉት። ጠዋት ያውቁታል።

ጎረቤትን መርሳት

ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ላይ ናቸው። አንድ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ለእጅ ሥራ ጠራሁና በቅቤ የጋገርኩትን ብስኩት አቀረብኩ። አንዲት ልጅ ብስኩቱን በእጇ ይዛ ቀረች። አትበላውም፣ አታስቀምጠውም። ጠጋ ስላት ቀስ ብላ «እትዬ፣ እኔ እጾማለሁ» አለችኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ቆሎና ሻይ ነው፣ ሁሉም ይበላል። ለልጆቼም ጎረቤት ሲጾም ማክበር እንዳለባቸው፣ «እናንተ ለምን?» ሲባሉም ሳይኮሩና ሳያፍሩ እንዲመልሱ አስተምሬያለሁ። የሚጠበቀው ሕፃን ያው አንዱ ነው። ያቺ ልጅ በማግስቱ ተመልሳ መጥታ ግርግሙ ውስጥ አንድ ሰበዝ አኖረች።

በማግስቱ ማፍረስ

ገና ሲያልፍ ሁሉንም ጠራርጎ ካርቶን ውስጥ መክተት ይቀናናል። በረቱ እስከ ጥምቀት፣ እስከ ጥር 11 ይቆይ፤ ሰብአ ሰገልም ቀስ ብለው ይድረሱ። እኛ የመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠናቸው በየቀኑ አንድ ስንዝር እናስጠጋቸዋለን። ከዚያ የደንገሉን ጣሪያ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ እንሰቅለዋለን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል። የጭቃው ሕፃን በጨርቁ ተጠቅልሎ ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ጭዱን ልጆቹ በሁለት እጃቸው ሰብስበው ለጎረቤት በግ ይሰጡታል።