ብሮኮሊ ጥቅሙ ድስት ውስጥ እንዳይቀር እንዴት ይበስላል?

ብሮኮሊ ድሬዳዋ ውስጥ እንደ ቲማቲምና ሽንኩርት በየጉልቱ አይገኝም። ሲገኝም ዋጋው ከጥቅል ጎመን ይወደዳል። ገንዘብ ከወጣበት አይቀር ጥቅሙን ይዞ ማዕድ ላይ መድረስ አለበት። ብዙ ቤት ግን አረንጓዴው እስኪደበዝዝ ይቀቀልና ዋናው ነገር ይጠፋል።

ያ ዋናው ነገር ሰልፎራፌን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ፖል ታላላይና ባልደረቦቹ ከብሮኮሊ ለይተው አወጡት። ሥራው ሰውነታችን ጎጂ ኬሚካሎችን የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች፣ ማለትም አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚቀይሩ ፕሮቲኖች፣ መቀስቀስ ነው። ቻይና ውስጥ ቺዶንግ በተባለ ቦታ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደርጎ ነበር። ለ12 ሳምንት የብሮኮሊ ቡቃያ መጠጥ የጠጡት፣ ካልጠጡት ይልቅ ቤንዝን የተባለውን መርዝ በሽንታቸው 61 በመቶ አብልጠው አስወገዱ። ቤንዝን በመኪና ጭስና በሲጋራ ጭስ ውስጥ አለ። ቀኑን ሙሉ የባጃጅ ጭስ ለምንምግ ለእኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ካንሰር ይፈውሳል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትስሙት። እስከዚያ የሚያደርስ ማስረጃ የለም።

አሁን ወደ ማብሰሉ። አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ ሙሉ ብሮኮሊ ውስጥ ሰልፎራፌን የለም ማለት ይቻላል። ያለው ጥሬ ዕቃው ነው፣ ግሉኮራፋኒን የሚባል። እሱን ወደ ሰልፎራፌን የሚቀይረው ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ለብቻው ተቀምጧል። ሁለቱ የሚገናኙት ቢላዋ ወይም ጥርስ ሲያደቃቸው ነው። ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም፤ ሲፈላ ይሞታል።

1. በጠዋት ግዙ። ቀፊራ ገበያም ሄዳችሁ ሌላ ቦታ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ድረሱ። የድሬ ሙቀት ብሮኮሊን ቶሎ ያስረጀዋል። ጭንቅላቱ ጥቅጥቅ ያለና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሁን። ቢጫ ማበብ ከጀመረ ይቅርባችሁ። ቤት ስትደርሱ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት።

2. እጠቡ፣ ከዚያ ክተፉ። ቀድማችሁ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ቀጥሎ አድቅቃችሁ ክተፉት። ግንዱን አትጣሉ፤ ልጣጩን ገፍፋችሁ አብራችሁ ክተፉት፣ ይጣፍጣል።

3. 40 ደቂቃ ተዉት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። የተከተፈው ሳይነካ ሲቀመጥ ኢንዛይሙ ሥራውን ይጨርሳል። አንዴ የተሠራው ሰልፎራፌን ደግሞ አጭር እሳት ይችላል። ቡና አፍሉ፣ ሽንኩርት ላጡ፣ ጊዜው ሳታውቁት ይሄዳል።

4. በእንፋሎት፣ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ። ድስት ላይ ትንሽ ውሃ አፍሉ፣ ውሃውን የማይነካ የብረት ወንፊት አስቀምጡበት፣ ብሮኮሊውን አድርጋችሁ ክደኑ። ቀለሙ ደምቆ አረንጓዴ ሲሆን አውጡት። ሲነከስ ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ውሃ ውስጥ ከቀቀላችሁት ግሉኮራፋኒኑም ሟሙቶ ይወጣል፣ ውሃውን ስትደፉ አብሮ ይደፋል።

5. ጊዜ ካጣችሁ ሰናፍጭ አለ። ይሄን የጻፍኩት በደስታ ነው፣ መፍትሔው እኛው ጓዳ ውስጥ ስላለ። ሰናፍጭ ስትበጠብጡ ልብ ብላችኋል? ደረቁ ዱቄት ብዙም አይሸትም። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካውና ትንሽ ሲቆይ ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ያ ሽታ የራሱ የማይሮሲኔዝ ሥራ ነው። ይኸው ኢንዛይም አስቀድሞ በእሳት ለተጎዳ ብሮኮሊም ይሠራል። እንግሊዝ አገር በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት፣ 200 ግራም የበሰለ ብሮኮሊ ላይ 1 ግራም የሰናፍጭ ዱቄት መነስነስ፣ ሰውነት የሚያገኘውን ሰልፎራፌን ከአራት እጥፍ በላይ እንዳሳደገው አሳይቷል። 1 ግራም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከእሳት አውርዳችሁ፣ በረድ ሲል ነስንሱ፤ ድስቱ እየፈላ ከጨመራችሁት ኢንዛይሙ እሱም ይሞታል። ሰናፍጩ ተቆልቶ የተፈጨ ከሆነም አይሠራም። የምትጠራጠሩ ከሆነ ትንሽ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና አሽትቱት። በበረዶ ተይዞ የሚሸጥ ብሮኮሊ ካገኛችሁም ሰናፍጭ አይቅርበት፣ ከመቀዝቀዙ በፊት በፈላ ውሃ ስለሚያልፍ።

ብሮኮሊ ካጣችሁስ? የሐረማያ ጥቅል ጎመን አለ፣ አበባ ጎመን አለ፣ ሐበሻ ጎመን አለ። በውስጣቸው ያለው ግሉኮራፋኒን ትንሽ ነው። ሐበሻ ጎመን ላይ የሚበዛው ሲኒግሪን የሚባለው ዘመዱ ነው፣ እሱም በዚያው ኢንዛይም ይሠራል። የመክተፉና የመጠበቁ ሕግ ለሁሉም አንድ ነው። አልጫ ጎመን ስትሠሩ ጥቂቱን ጥሬውን አስቀሩ፤ በስሱ ከትፋችሁ ሎሚና ጨው አድርጉበት፣ ከጎን ብሉት።

ቡቃያውን ቤት ውስጥ ማብቀል የሚያምራችሁ ትኖራላችሁ። የሦስት ቀን ቡቃያ ውስጥ ያለው ግሉኮራፋኒን ካደገው ብሮኮሊ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን እርጥበትና ሙቀት ባለበት ባክቴሪያም አብሮ ይበቅላል፣ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ ጥሬ ቡቃያ አትስጡ።

ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ብሮኮሊና ጎመን በድንገት አያብዛ፣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው መድኃኒቱን ያዳክሙታል። አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ያለበት ደግሞ አብስሎ ይብላ እንጂ ጥሬውን አያዘውትር፣ ጨዉም አዮዲን ያለው ይሁን።